የኤሲ ሙቀት ሴንሰር መበላሸቱ በምን ይታወቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከድሬዳዋ፣ ከሰመራ፣ ከጋምቤላ፣ ከዱባይም ከሪያድም የሚደርሰኝ ጥያቄ ይመሳሰላል። ኤሲው ይነሳል፣ ትንሽ ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ ያቆማል። ወይም ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሳያቆም ያድራል። ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠረጥረው ጋዝን ነው። ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት ግን ትንሿን የሙቀት ሴንሰር ለኩልኝ። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ የሚያስፈልገውም አንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና አንድ ቴርሞሜትር ነው። እዚህ የምጽፈው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው፣ አንዱ ክፍሉ ቤት ውስጥ ሌላው ውጪ ስለሆነው ስፕሊት ኤሲ ነው። የመስኮቱን ወደ ታች ለብቻው አነሳዋለሁ።

ኤሲ ውስጥ ስንት ሴንሰር አለ? የትስ ነው ያለው?

የውስጠኛው ክፍል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አሉ። የመጀመሪያው የቤቱን አየር ይለካል። ክዳኑን ከፍታችሁ ፊልተሩን ስታወጡ፣ ከቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ክንፎች ፊት ለፊት በፕላስቲክ መያዣ ተሰክቶ ታገኙታላችሁ። ሁለት ቀጭን ሽቦ አለው፤ ጫፉ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው የመዳብ ቱቦውን ይለካል። የእሱ ጫፍ ብረት ሲሆን ቱቦው ላይ በተበየደች አጭር የመዳብ ኪስ ውስጥ ይገባል።

የውጪው ክፍል፣ በተለይ ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት እንደ አስፈላጊነቱ የሚቀያይር) ከሆነ፣ የራሱ ሦስት ሊኖሩት ይችላሉ። አንዱ የውጪውን አየር፣ አንዱ የኮንደንሰሩን (ሙቀቱን ወደ ውጪ የሚያወጣውን) ቱቦ፣ አንዱ ደግሞ ከኮምፕረሰሩ (ጋዙን ከሚጨምቀው ሞተር) የሚወጣውን ትኩስ ቱቦ ይለካል።

ሁሉም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው። ሙቀት ሲጨምር ሬዚስታንሳቸው (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከላከሉበት መጠን) ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። ቦርዱ (ኤሲውን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ያንን ሬዚስታንስ አንብቦ ወደ ዲግሪ ይቀይረዋል። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል።

ሴንሰሩ ሲበላሽ ኤሲው ምን ዓይነት ጠባይ ያመጣል?

ሽቦው ከተበጠሰ ሬዚስታንሱ መለኪያ የለውም፤ ቦርዱ ከባድ ብርድ እንዳለ አድርጎ ያነበዋል። ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ ደግሞ ሬዚስታንሱ ዜሮ ይሆናል፤ ቦርዱ እንደ ከባድ ሙቀት ያየዋል። ሁለቱም ሊሆኑ የማይችሉ ቁጥሮች ስለሆኑ ቦርዱ ኮድ አውጥቶ ያቆማል። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። የሚያስቸግረው ሴንሰሩ በሕይወት እያለ ሲዋሽ ነው። ያኔ ኮድ የሚባል ነገር የለም፤ ቦርዱም የተነገረውን አምኖ ይሠራል።

በቁጥር ላሳያችሁ። በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም (ኦም የሬዚስታንስ መለኪያ ነው) መሆን የነበረበት ሴንሰር አርጅቶ 12.5 ኪሎ ኦም ሆነ እንበል። ይህ ቁጥር ለቦርዱ 20 ዲግሪ ማለት ነው። እናንተ ሪሞቱን 22 ላይ አድርጋችኋል። ቤቱ 25 ዲግሪ ነው፤ ላብ በላብ ሆናችኋል። ቦርዱ ግን ቤቱ ከሚፈለገው በላይ እንደቀዘቀዘ ስለሚያምን ኮምፕረሰሩን አያስነሳም። ፋኑ ይዞራል፣ ሞቃት አየር ይነፍሳል። በዚህ ጊዜ ነው «ጋዙ አልቋል» የሚባለው። ሪሞቱን 17 ወይም 16 ላይ ስታወርዱት ኮምፕረሰሩ ከተነሳና ጥሩ ካቀዘቀዘ፣ የአየር ሴንሰሩን ጠርጥሩ።

በተቃራኒው ሴንሰሩ ከእውነቱ በላይ ሙቀት የሚያነብ ከሆነ ኤሲው ማቆሚያ ያጣል። ሰው ብርድ ልብስ ደርቦ እየተኛ ኮምፕረሰሩ ውጪ ይጮሃል፤ የመብራት ሂሳቡም ይንራል።

የቱቦው ሴንሰር ሥራው ሌላ ነው። ክንፎቹ በረዶ እንዳይሠሩ ይጠብቃል። ቱቦው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ቦርዱ ኮምፕረሰሩን እንዲያሳርፍ ያደርጋል። ይህ ሴንሰር ብርድ እያጋነነ ከዋሸ ኤሲው በየጥቂት ደቂቃው ያለ ምክንያት ይቆማል። ሙቀት እያጋነነ ከዋሸ ደግሞ በረዶው ሲጋገር ዝም ብሎ ያያል። ከዚያ ኤሲው ሲጠፋ በረዶው ቀልጦ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። ማሞቂያም ባለው ኤሲ ላይ ሌላ ምልክት አለ። ቱቦው እስኪሞቅ ፋኑ እንዳይነፍስ የሚያዘገየው ይኸው ሴንሰር ስለሆነ፣ ሲበላሽ ማሞቂያው በርቶ ፋኑ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል።

ባለሙያው «ጋዝ ይሞላ» አለኝ። ልመነው?

ከማመናችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ጋዙ በየት ወጣ? የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በዝግ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ አንድ ቦታ ፈሷል ማለት ነው። የፈሰሰበትን ሳይፈልግ ልሙላ የሚል ሰው ያስከፈላችሁን ገንዘብ አየር ላይ በትኖ ነው የሚሄደው።

ልዩነቱን ራሳችሁም መለየት ትችላላችሁ። ጋዝ የጎደለው ኤሲ ኮምፕረሰሩ ሳያቋርጥ እየሠራም የሚነፍሰው አየር አይቀዘቅዝም። ወደ ውጪው ክፍል የሚሄደው ቀጭኑ ቱቦ ላይ ውርጭ ሊታይ ይችላል፤ ወፍራሙ ቱቦ ግን አይቀዘቅዝም። ሴንሰሩ የተበላሸው ኤሲ ደግሞ ኮምፕረሰሩ በሚሠራባቸው ደቂቃዎች ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ አየር ይሰጣል። ጥፋቱ ቶሎ ማቆሙ ነው። ቴርሞሜትር ካላችሁ ወደ ኤሲው የሚገባውንና ከኤሲው የሚወጣውን አየር ለኩ። ኮምፕረሰሩ 15 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ጋዙ ላይ ጣት አትቀስሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሞዴሎች ራሳቸው «ጋዝ ጎድሏል» የሚል ኮድ ያወጣሉ። ይህን የሚደመድሙት ግን ጋዙን ለክተው አይደለም። ኮምፕረሰሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የቱቦው ሴንሰር ቅዝቃዜ ካልነገራቸው ጋዝ የለም ይላሉ። ሴንሰሩ ከመዳብ ኪሱ ወጥቶ ቢንጠለጠልም ያው ኮድ ሊመጣ ይችላል።

ስክሪኑ ላይ የሴንሰር ኮድ ወጣ። ሴንሰሩን ገዝቼ ልቀይረው?

መጀመሪያ ኮዱ የማን እንደሆነ አረጋግጡ። ግሪ ላይ ኤፍ 1 የክፍሉን አየር ሴንሰር፣ ኤፍ 2 የቱቦውን ይነግራል። ዳይኪን ላይ የአየሩ ሲ 9፣ የቱቦው ሲ 4 ነው። ኤልጂ ሲኤች 01፣ ሳምሰንግ ደግሞ ኢ 121 ይላሉ፤ ሁለቱም የክፍሉ አየር ሴንሰር ማለት ነው። የአንዱን ብራንድ ኮድ በሌላው መተርጎም ስህተት ውስጥ ይከታል። የሞዴሉን ቁጥር ከጎኑ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ አንብባችሁ የራሱን መመሪያ ተመልከቱ። ስክሪን የሌለው ከሆነ መብራቱ ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ቁጠሩ፤ በስልክ ቪዲዮ መቅረጹ ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር፣ ኮዱ የሚነግራችሁ ከሴንሰሩ እስከ ቦርዱ ባለው መስመር ላይ አንድ ጥፋት እንዳለ ብቻ ነው። ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል። አይጥ የበላው ሽቦ ሊሆን ይችላል። የላላ ኮኔክተር ወይም ራሱ ቦርዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግዢው ከመለካት በኋላ ይምጣ።

ሴንሰሩ ደህና ሆኖ የተበላሸ የሚመስልበት ጊዜ አለ?

በጣም አለ! ከሁሉ ቀድሞ ፊልተሩን እዩ። በአቧራ የተደፈነ ፊልተር አየር ስለማያሳልፍ ክንፎቹ በእውነት በረዶ ይሠራሉ፤ ሴንሰሩም ትክክለኛውን ተናግሮ ኮምፕረሰሩን ያስቆማል። ድሬዳዋና ሰመራ ባለው አቧራ ፊልተር በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ሪሞቱን። ብዙ አዳዲስ ኤሲዎች ሙቀቱን ከራሳቸው ሴንሰር ትተው ከሪሞቱ የሚቀበሉበት ቁልፍ አላቸው። ግሪ «አይ ፊል»፣ ሚዲያ «ፎሎው ሚ» ይሉታል። ይህ ቁልፍ ሳይታወቅ ከተነካና ሪሞቱ መስኮት ላይ ፀሐይ ከመታው፣ ወይም ብርድ ልብስ ውስጥ ከገባ፣ ኤሲው ያብዳል። አጥፉትና ሞክሩ። ስንት ሰው ሴንሰር የቀየረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኤሲው ያለበትንም ቦታ እዩ። መጋረጃ ሸፍኖት ከሆነ የነፈሰው ቀዝቃዛ አየር ተመልሶ ወደ ራሱ ይገባል፤ ሴንሰሩም ቤቱ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። ከስሩ ፍሪጅ ካለ ደግሞ የፍሪጁ ሙቀት ይወጣበታል።

ኤሲውን አጥፍታችሁ ወዲያው ስታበሩት ኮምፕረሰሩ ሦስት ደቂቃ ያህል ቢዘገይ ጤነኛ ነው። ራሱን እየጠበቀ ነው።

ድሬዳዋ ከዚራ አንድ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ሪሞቱ 16 ላይ ነው፤ ኤሲው ግን ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ያቆማል። ጋዝ ተሞልቶለታል። ፊልተሩን ሳወጣው የአየሩ ሴንሰር ከፕላስቲክ መያዣው ወጥቶ ቀዝቃዛው ክንፍ ላይ ተጋድሟል። ፊልተር ሲታጠብ ነው የወጣው። ኮምፕረሰሩ እንደተነሳ ክንፉ ይቀዘቅዛል፣ ሴንሰሩም አብሮ። ቦርዱ ቤቱ በረደ ብሎ ያቆማል። ሴንሰሩን በጣት ወደ መያዣው መልሼ ጫፉ ከክንፉ ትንሽ ራቅ እንዲል አደረግሁት። ሥራው ያ ብቻ ነበር።

በቴስተር እንዴት ነው የምለካው?

ብሬከሩን አጥፉ። ሪሞት ላይ ማጥፋት በቂ አይደለም፤ ቦርዱ ላይ 220 ቮልት አለ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ሴንሰሩ ቦርዱ ላይ የተሰካበትን ትንሽ ኮኔክተር ይዛችሁ ንቀሉ። ሽቦውን አትጎትቱ፣ ይበጠሳል። ሳትነቅሉ መለካትም አይሆንም፤ የቦርዱ ሬዚስታንስ ተደባልቆ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣችኋል።

ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሬንጁን (ቴስተሩ እስከ ስንት እንደሚለካ የሚመረጥበትን) ነው። 10 ኪሎ ኦም ሴንሰር በ2 ኪሎ ሬንጅ ላይ ብትለኩት «1» ወይም «ኦኤል» ብሎ ይቀራል፤ ሴንሰሩ የተበጠሰ ይመስላል። 20 ኪሎ ላይ አድርጉት። የኮምፕረሰሩ ትኩስ ቱቦ ሴንሰር ብዙውን ጊዜ በ25 ዲግሪ 50 ኪሎ ኦም አካባቢ ስለሚሆን እሱን በ200 ኪሎ ነው የምትለኩት። ሴንሰር ከመጣላችሁ በፊት ሬንጁን ከፍ አድርጉና ድገሙት።

የመለኪያውን ብረት ስትይዙ ጣታችሁ ሁለቱንም ጫፍ አይንካ። ሰውነታችሁም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

አሁን የቤቱን ሙቀት በቴርሞሜትር አንብቡና ሁለቱን አስተያዩ። ቀጥሎ የሴንሰሩን ጫፍ በጣታችሁ ጨብጡት። ቁጥሩ ቀስ እያለ ያለ ማቋረጥ መውረድ አለበት፤ ስትለቁት ቀስ ብሎ ይመለሳል። ዘሎ ከወረደ፣ ከጠፋና ከመጣ፣ ወይም ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ሴንሰሩ ሞቷል። በዚያው ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወዘወዝ አድርጉት። የሚቆራረጥ ሽቦ የሚያዘው እንዲህ ነው።

ጥርጣሬ ከቀራችሁ የተፈጨ በረዶ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉና ጫፉን በስስ ፌስታል ጠቅልላችሁ ንከሩት። የሚቀልጥ በረዶ የትም አገር ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ማመሳከሪያ ቤት ውስጥ አታገኙም። በሚፈላ ውሃ ልሞክር ለሚሉኝ ግን አይሆንም እላለሁ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ትልቅ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100 ነው ብላችሁ ብታሰሉ ደህናውን ሴንሰር ትጥላላችሁ።

ስንት ኪሎ ኦም ሲሆን ነው ደህና የሚባለው?

በሴንሰሩ ዓይነት ይወሰናል። በብዛት የሚገኘው በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም የሆነው ነው። የእሱ ቁጥሮች በግምት እንዲህ ናቸው፦

በ0 ዲግሪ ከ32 እስከ 34 ኪሎ ኦም
በ10 ዲግሪ 20
በ20 ዲግሪ 12.5
በ25 ዲግሪ 10
በ30 ዲግሪ 8
በ35 ዲግሪ 6.5
በ40 ዲግሪ 5.3
በ50 ዲግሪ 3.6

የበረዶውን ሙከራ ስታደርጉ ቁጥሩ ከ20 ኪሎ ስለሚያልፍ ሬንጁን ወደ 200 ማሳደግ አትርሱ።

የግሪ ኤሲዎች የአየሩን ሴንሰር 15፣ የቱቦውን 20 ኪሎ ኦም ያደርጋሉ። ኤልጂ ላይ 5 ኪሎ የሆነ የቱቦ ሴንሰር የተለመደ ነው። 5 ኪሎ ከሆነ ከላይ ያለውን በግማሽ፣ 20 ኪሎ ከሆነ በእጥፍ ብታሰሉት ለግምት ይበቃል። የአየሩንና የቱቦውን ለክታችሁ ቁጥራቸው ስለተለያየ ብቻ አንዱ ተበላሽቷል አትበሉ፤ ሲፈበረኩም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ምን ያህል ልዩነት ይታለፋል? በ25 ዲግሪ አካባቢ አንድ ዲግሪ ማለት ከ4 እስከ 5 በመቶ የሬዚስታንስ ለውጥ ነው። ስለዚህ 5 በመቶ ቢዛነፍ ሪሞቱን አንድ ዲግሪ ማስተካከል ይበቃል። 15 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን እኔ እቀይረዋለሁ።

ሴንሰሩ ደህና ነው፤ ኮዱ ግን አልጠፋም። አሁንስ?

ኮኔክተሩን በደንብ እዩት። አረንጓዴ ዝገት ካለ ያ ራሱ ሬዚስታንስ ይጨምራል። በንጹህ ብሩሽና በኮንታክት ማጽጃ አጽዱት።

ካልሆነ ባለሙያዎች የሚያደርጉት ጥሩ ሙከራ አለ። በሴንሰሩ ቦታ ተመሳሳይ ኪሎ ኦም ያለው ተራ ሬዚስተር (ሬዚስታንሱ በሙቀት የማይለዋወጥ) ይሰካል። 10 ኪሎ ከሆነ ቦርዱ ቤቱ 25 ዲግሪ ነው ብሎ ማንበብ አለበት። ክዳኑ ተዘግቶ ብሬከሩ ሲበራ ኮዱ ከጠፋ ቦርዱ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ላይ ነው። ካልጠፋ ጥፋቱ ቦርዱ ላይ ነው። ቦርድ ተበላሸ ሲባልም ሙሉው ይቀየር ማለት አይደለም። ከሴንሰሩ ጋር የተያያዘ ሬዚስተር ወይም ትንሽ ካፓሲተር ብቻ ሊሆን ስለሚችል ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው አሳዩት።

ሠራተኛው ሬዚስተር አስሮልኝ ሄደ፤ ኤሲው እየሠራ ነው። ይተው?

አይተው! ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ለሙከራ ጥሩ ነው፤ እንደ ጥገና ግን ጉዳት ነው። የአየሩ ላይ ከታሰረ ቦርዱ ቀንም ሌትም 25 ዲግሪ ነው ብሎ ያምናል። 24 ላይ ብታደርጉት ኮምፕረሰሩ አይቆምም፤ 27 ላይ ብታደርጉት አይነሳም። የቱቦው ላይ ከታሰረ የበረዶ መከላከያው ጠፋ። ከሁሉ የከፋው የኮምፕረሰሩ ትኩስ ቱቦ ላይ የሚታሰረው ነው። ያ ሴንሰር ኮምፕረሰሩ ከልክ በላይ ሲግል የሚያስቆም ነው። እሱን ማታለል ኮምፕረሰሩን ለማቃጠል በር መክፈት ነው።

ምትክ ስገዛ ምን ልጠንቀቅ?

የ25 ዲግሪው ኪሎ ኦም አንድ መሆን አለበት። ቤታ የሚባለውንም፣ ሬዚስታንሱ በሙቀት ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚያሳየውን ቁጥር ጠይቁ፤ 3435 እና 3950 የሚሉ ይገኛሉ። ሁለቱም በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ሊሆኑ ይችላሉ። ዜሮ ዲግሪ ላይ ግን አንዱ 29፣ ሌላው 33 ኪሎ አካባቢ ይሆናሉ፤ ለቱቦው ሴንሰር ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ጫፉም ይመሳሰል። ለቱቦ ብረት ጫፍ፣ ለአየር ፕላስቲክ ጫፍ። የመዳብ ኪሱ ውስጥ እየተንቀዋለለ የሚገባ ሴንሰር የሚለካው አየር ነው።

ኮኔክተሩ ካልገጠመ የድሮውን ቆርጣችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ሴንሰሩ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የለውም። ሽቦው ቢረዝምም ለውጥ አያመጣም። ግን በሊድ ተበይዶ በሙቀት በሚጨማደድ ላስቲክ ይሸፈን። ተጠምዝዞ በቴፕ የተጠቀለለ ግንኙነት እዚያ እርጥበት ውስጥ ብዙ አይቆይም።

የውጪውን ክፍል ሴንሰር ራሴ ልለካው?

አትንኩት። ኢንቨርተር ኤሲ ብሬከሩ ጠፍቶም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሰው የሚገድል ኃይል ነው። በዚያ ላይ ኮርኒስ ጫፍ ወይም ፎቅ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ኮዱን ይዛችሁ ባለሙያ ጥሩ።

የመስኮት ኤሲ አለኝ። ይኸው ነው?

በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለው የድሮው ዓይነት ከሆነ የተለየ ነው። ቴስተር የሚለካው ሴንሰር የለውም። ከቁልፉ ጀርባ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ወጥቶ ክንፎቹ ፊት ይዘረጋል፤ ውስጡ ጋዝ አለ። ቱቦው ከታጠፈ ወይም ከተሰበረ ቴርሞስታቱ በሙሉ ይቀየራል። ሪሞትና ዲጂታል ቁጥር ያለው የመስኮት ኤሲ ግን ከላይ እንደተባለው ነው።

ዱባይ ተከራይቼ ነው የምኖረው። እኔ ልክፈተው?

ፊልተር ማጠብ፣ ሪሞቱን መፈተሽና ሴንሰሩ መያዣው ላይ መሆኑን ማየት ይበቃችኋል። ከዚያ በላይ ሳትነኩ ለሕንፃው ጥገና ክፍል አሳውቁ፤ ከፍታችሁ ከተበላሸ ሂሳቡ እናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስታሳውቁ «አያቀዘቅዝም» ብቻ አትበሉ። ኮዱን ፎቶ አንሱ። ከበራ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚያቆም፣ ሪሞቱ ስንት ላይ እንደነበር፣ ቤቱ ስንት ዲግሪ እንደነበር ጻፉ። ቴክኒሻኑ ሲመጣም ጋዝ ከመጨመሩ በፊት ሴንሰሩን እንዲለካላችሁ ጠይቁት፤ ቁጥሩን ከላይ ካለው ዝርዝር ጋር አመሳክሩ።